አጋዘኗ መንገዱን እስክትለቅ

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1987፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የመንደራችን አብራሪ የዌንደል ትንሽ አውሮፕላን የፊት መስታወት ጥቁር ዘይት ለበሰ። ከኋላው የተቀመጠችው እናቴ ማይራ ነበረች፤ ለእህቷ የቀብር ድግስ የአጋዘን ሥጋ ይዛ ወደ ላይኛው መንደር ትሄዳለች። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ነው። ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ።

ዌንደል በጎን መስኮት እያየ በረዶ በሆነው የቻንዳላር ወንዝ ላይ አሳረፈው። አንድ የበረዶ ክምር የግራውን ስኪ፣ በጎማ ፈንታ በረዶ ላይ የሚንሸራተትበትን እግር፣ ሰበረው፤ አውሮፕላኑ ዞሮ በጎኑ ተጋደመ። የእናቴ ዳሌ ተሰበረ።

«አክስቴ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ፣ አትጩህብኝ። ምን ሆነ?»

ሞተሩ የሚተነፍስበት ቱቦ ጫፉ በብርድ ይደፈናል። ስለዚህ የእኛ አብራሪዎች ከጫፉ ከፍ አድርገው ሌላ ቀዳዳ ይበሱለታል። ዌንደል ብርዱ ሳይገባ አዲስ ቱቦ ገጥሞ ነበር።

«ቀዳዳውን አልበሳሁትም» አላት። «ነገ፣ ነገ እያልኩ። መተንፈሻ ሲያጣ ዘይቱን ገፍቶ አወጣው።»

«አባትህ ደግሞ የጀልባውን ቀዳዳ ሳይደፍን ነበር ወንዝ የሚገባው። የዘራችሁ ነው።»

«አትሳቂ፣ ያምሻል።»

«አንተ አይደለህ የምታስቀኝ!»

ራዲዮው አልመለሰም። የአጎቷ ልጅ የቲተስ የአደን ጎጆ ዘጠኝ ማይል ይርቃል። ዌንደል የጥድ ቅርንጫፍ አነጠፈላት፤ ከበረዶው እንዲያርቃት የራሱን የበረዶ ጫማ፣ ጥልቅ በረዶ ላይ ለመራመድ ከጫማ ሥር የሚታሰረውን ሰፊ መረብ፣ ከሥሯ አደረገ። እሳት አነደደ፣ እጇ በሚደርስበት እንጨት ከመረ። ሥጋው ተኩላ ይጠራል ብሎ ጠመንጃውንም ተወላት።

ዌንደል ነፋስ ፊቱን እየገረፈው፣ ቲተስ በረዶ ላይ በሚሄድ ሞተሩ በደለደለው መንገድ ወደ ጎጆው ሮጠ። አምስተኛው ማይል ላይ ከፈረስ የምትገዝፍ አንዲት አጋዘን መንገዱን ዘግታ ቆማለች። ግራና ቀኙ በረዶ እስከ ወገብ ነው፤ ያለ በረዶ ጫማ አይታለፍም። ልትረግጥ እንደተዘጋጀች ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች። እኛ ዘንድ እንስሳ አይሰደብም፤ የዘመዷን ሥጋ ለቀብር የጫነ ሰውማ ጨርሶ አይሳደብም።

«እመቤቴ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

አጋዘኗ የአኻያ ቅርንጫፍ ታኝካለች። ዌንደል እንዳይደነዝዝ እግሩን መሬት ላይ እየመታ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቆመ። ከዚያ ዞራ ወደ ጫካው ገባች።

ከቲተስ ጋር ሲመለሱ እሳቱ ገና ፍም ነበር። ቲተስ ጓንቱን አውልቆ እጁን የእናቴ ብብት ሥር አስገባ።

«ሙቀቷ አልሄደም» አለ። «አሁን ነው ያረፈችው።»

ዌንደል ገፍቶ ቢያልፍ ኖሮ አጋዘኗ ትረግጠው ነበር፤ ያን ጊዜ ሁለቱንም ፍለጋ እንወጣ ነበር። ይህን ስንቴ ነግሬዋለሁ። ራሱን ይነቀንቃል። ድሮ ወሬው አያልቅም ነበር፤ አሁን ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቃል።

ሥጋው ለሁለቱ እህትማማቾች የቀብር ድግስ ሆነ። ዌንደል እንደገና የበረረው በጁን ወር ነው፤ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እኔ ነበርኩ።