ግማሹን አውጪ

«ከረጢትሽን ሙይ፤ ከዚያ ግማሹን አውጪ» ይላት ነበር ዐብዲኑር። «የቀረውን ተሸክመሽ ቤቱን ዙሪው። ትከሻሽ ካማረረ ገና አልጨረስሽም ማለት ነው።»

እታገኘሁ በዚያ ማለዳ እንደተባለችው አደረገች። ከባዱን ጫማ እግሯ ላይ አጠለቀች። ሁለት ቀሚሶች ጠቅልላ ከታች አስቀመጠች፤ ከላያቸው የውስጥ ልብስና አንድ ሹራብ አደረገች። ባሕር ላይ ማታ ማታ ይበርዳል ብሏታል። እናቷ የሰጠቻትን ጋቢ አንስታ አሸተተችውና አልጋው ላይ መለሰችው። ከሁሉም የከበዳት እሱን መተው ነበር። ወደዚያች ክፍል እንደማትመለስ በከተማው ከራሷና ከማርዎ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እታገኘሁ የደብረ ሲና ልጅ ናት። መንግሥት ድሬሰር አድርጎ አይሻ መደባት፤ እሷም ሙቀቱን እየረገመች ቁስል ታጥብ ጀመር። ማርዎ ጎረቤቷ ነበረች፤ ከጅቡቲ ጨርቅ እያመጣች የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት። ዐብዲኑር ደግሞ የማርዎ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለቱም የተወለዱት ጅጅጋ ነው። በሶማሊያ ጦርነት ማግሥት ታላቅ ወንድማቸው ሲረሸን ዐብዲኑር በእግሩ ወጥቶ ጅቡቲ ገባ። እሱም ቢያዝ ዕጣው ያው እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ የባሕር ላይ ኩበት ሆኖ ቀረ። ሽማግሌ ፈረንጆችን ጭኖ ከወደብ ወደብ በሚዞር መርከብ ላይ አስተናጋጅ ነው። መርከቡ በዓመት አንድ ሁለቴ ጅቡቲ ይቆማል፤ ያውም ለአንድ ቀን።

የተዋወቁት ማርዎ እታገኘሁን ለገበያ ጅቡቲ ይዛት በሄደች ጊዜ ነው። እታገኘሁ ቴርሞስ፣ ጃንጥላ፣ ብርድ ልብስና የሦስት ቀን ስንቅ ተሸክማ ከባቡር ስትወርድ አንድ ረዥም ሰው ቆሞ አያት።

«እህቴ፣ ቤት ልትለቂ ነው እንዴ?» አላት በጅጅጋ አማርኛው።

«አንተስ ባዶ እጅህን የምትዞረው ሰው ገድለህ እየሸሸህ ነው?» አለችው።

ሳቀ። ጃንጥላውን ተቀብሎ ዘረጋና ቀኑን ሙሉ እሷን ሲያስጠልል ዋለ። ማታ ወደ አይሻ ስትመለስ ሐሳቧ እሱ ጋ ቀረ፤ ውሎ አድሮም በማርዎ በኩል እየተላላኩ ሊጋቡ ተስማሙ። እናቷ ለእስላም መዳሯን ብትሰማ ጥቁር እንደምትለብስ ታውቃለች፤ የእሱም አጎቶች እልል አይሉም። ሁለቱን የመረቀች ማርዎ ብቻ ነበረች።

አሁን ቁርጡ ቀን ደርሷል። የመርከቡ ሐኪም ረዳት ይፈልግ ነበርና ዐብዲኑር አነጋግሮላታል። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መርከቡ ሲነሣ እሷም አብራ ትነሣለች። ድንበር ለሚሻገሩ ነጋዴ ሴቶች የአይሻ ኬላ ዋስ እንደሚጠይቅ ታውቅ ነበር። ማርዎ ግን «አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፤ የይለፍ ወረቀት ይበቃሻል» ብላ ወረቀቱን እንደ በፊቱ ራሷ ጨርሳ አምጥታላታለች።

ባቡር ጣቢያው ላይ ማርዎ ሻሿን አስተካከለችላት።

«አባዮ፣ እህቴ፣ እኔ ዛሬ ወገቤን አሞኛል። ከኢዲል ጋር ሂጂ» አለቻት። ዓይኗን ግን አላሳየቻትም። እታገኘሁ የመለያየት ሐዘን መሰላት።

ኢዲል በዕድሜ የገፋች ነጋዴ ናት። ባቡሩ የድንበር ከተማዋን ደወሌን ሲያልፍ የእታገኘሁን ከረጢት በእጇ መዘነችና ቀና ብላ አየቻት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ልብሴ ነው፣ እትዬ ኢዲል።»

«ልጄ፣ እኔ በዚህ ባቡር አርጅቻለሁ። የነጋዴ ከረጢት ባዶውን ሄዶ ሞልቶ ነው የሚመለስ። ያንቺ ትንሽ ነው፤ ግን ሞልቶ ነው የሚሄደው። አትመለሺም አንቺ።»

እታገኘሁ ከረጢቱን ወስዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ዐብዲኑር ያስተማራት የዕቃ አያያዝ ፈረንጅ ለሚያንሸራሽር መርከብ እንጂ ለአይሻ መስመር እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት።

«መሄድሽን አልጠላሁም» አለች ኢዲል። «ዋስ ሆኖ ማን እንደተቀመጠልሽ ግን ታውቂያለሽ?»

«ማን ተቀመጠልኝ?»

«ማርዎ ናታ። እኛ እንደወጣን ኬላው ደጅ፣ ቆርቆሮው ሥር ተቀምጣለች። የመንግሥት ሠራተኛማ ዋሱ ይብሳል። በማታው ባቡር ካልመጣሽ በመኪና ጭነው ጅጅጋ እስር ቤት ይወስዷታል። የነጋዴዋ የሹክሪ እናት እንዲሁ ዋስ ሆና ባለፈው ክረምት የተወሰደች ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰች።»

እታገኘሁ እስከ ጅቡቲ ድረስ ወደ ውጭ እያየች ሄደች። በመስኮቱ የሚታየው ድንጋይ ብቻ ነበር።

ዐብዲኑር ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁ ባዶ፣ ጣቢያው ላይ ቆሟል። ከረጢቷን በአንድ ጣቱ አንጠለጠለና «ጎበዝ፤ አሁን መርከበኛ ሆነሻል» አላት። ፊቱ እንዲያ ሲበራ ዓይታው አታውቅም። የኢዲልን ወሬ ልትነግረው አሰበችና ተወችው። ሆድ ይፍጀው አለች፤ ቢያንስ እስከ ምሳ።

«የወደብ ቀን ሕግ አለው» አላት እየሄዱ። «መጀመሪያ ሩቁን ታያለሽ፤ ከዚያ ወደ መርከብሽ እየቀረብሽ ትመጫለሽ። ሩቁን ለመጨረሻ ያቆየ ሰው ወደብ ላይ ቆሞ መርከቡን በእጁ ይሰናበታል።»

ስለዚህ ከሩቁ ጀመሩ። ከከተማው ወጥተው ባሕሩ ዳር ተቀመጡ። ጫማዋን አወለቀላትና እግሯን ውኃው ውስጥ ነከረችው። መርከቡ የሚያርፍበትን ወደብ ሁሉና አልጋቸው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነች ነገራት። የተጠበሰ ዓሣ በአንድ ወረቀት ላይ በሉ። የሚናገረውን ግማሹን አልሰማችም፤ ሲናገር የሚንቀሳቀሰውን ጉሮሮውን ስታይ ነበር። ከዚያ ወደ ገበያው፣ ከገበያው ወደ መስጊዱ ሠፈር መጡ። በየማረፊያው ወደ መርከቡ በቀረቡ ቁጥር የእሷ እርምጃ እየዘገየ ሄደ። ዐብዲኑር ሙቀቱ ነው ብሎ ውኃ ይገዛላታል።

የወደቡ በር ጋ ሲደርሱ ነጩ መርከብ ቁልጭ ብሎ ታየ። እታገኘሁ ቆመች።

«ማርዎ ዋስ ሆና ተቀምጣልኛለች» አለችው። «ካልተመለስኩ ያስሯታል።»

«የምን ዋስ? ማርዎ እኮ የይለፍ ወረቀት አላት ብላ መልእክት ልካልኛለች።»

«ለእኔም እንደዚያ ነው ያለችኝ። ኢዲል ናት የነገረችኝ።»

ከረጢቱ ከእጁ ወርዶ መሬት አረፈ።  ከኋላቸው የጭነት መኪና ጥሩንባ ሲነፋ እንኳ አልዞረም።

«እኔ ልሂድ» አለ በመጨረሻ። «በእሷ ፋንታ እኔን ይያዙ።»

«አንተንማ አያስሩህም፤ እንደ ወንድምህ ይረሽኑሃል እንጂ። እሱንም አስረውት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንተም እዚህ አልነበርክም።»

«ታዲያ ጅቡቲ እንቅር፤ እዚሁ እንኑር።»

«እዚህ ብቀርም መርከብ ብሳፈርም ለማርዎ ያው ነው፣ ዐብዲኑር። በማታው ባቡር ልገኝላት ይገባል።» ክንዱን ያዘችው። «ነይ ካልከኝ እመጣለሁ። መርከቡ ላይ እወጣለሁ፤ ሚስትህም እሆናለሁ። ግን አንተ ራስህ በለኝ። እህቴን ትተሻት ነይ በለኝ።»

ዐብዲኑር «እህቴን...» አለና አቆመ።  መሬት ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። እታገኘሁ ወደደችው፤ ከዚያ በፊት ከወደደችው ሁሉ አብልጣ ወደደችው። አጎንብሳ ግንባሩን ሳመችውና ከረጢቷን አነሣች። ሁለቱም ምለው ተስፋ አልተሰጣጡም፤ ሰው እየተለያየ መዋሸት ያስጠላል።

በአሥር ሰዓቱ ባቡር ኢዲል ቦታ ይዛላት ነበር። ስታያት «መጣሽ?» ብቻ አለቻት። ከዚያ እንደ ሌሎቹ ነጋዴ ሴቶች ሦስት አዲስ ቀሚስ ደራርባ አለበሰቻት፤ ቀረጥ እንዳይከፈልበት ጨርቅ የሚያልፈው በገላ ላይ ነው። በዚያ ሙቀት ሴቶቹ ሁሉ ፊታቸው ርሷል። የእታገኘሁ ለቅሶ ከላቡ አልተለየም፤ ማንም አልጠየቃትም።

አይሻ ሲደርሱ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ማርዎ ቆርቆሮው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እታገኘሁን ስታያት ብድግ አላለችም። ፊቷ ከደስታ ይልቅ ወደ ቁጣ አደላ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለቻት፣ የኬላው ዘበኛ እንዳይሰማ በቀስታ።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እትዬ ማርዎ?»

«ብነግርሽ ትሄጂ ነበር?»

«ልጆችሽስ?»

«ጎረቤታችን ዑባህ ጋ ናቸው። ጧት ስሜያቸው ነው የወጣሁት። ታላቂቱ ዳቦ መጋገር ታውቃለች።»

እታገኘሁ አጠገቧ ልትቀመጥ ስትል ከማርዎ እግር ሥር አንድ ትንሽ ጥቅል አየች። አንድ ቀሚስ፣ መስገጃ፣ ማበጠሪያ። ማርዎ ዓይኗን ተከትላ ጥቅሉን ወደ ራሷ ሳበችው።

«እስር ቤት ብዙ ዕቃ አያስገቡም ብለውኝ ነው» አለች።

ሁለቱም ተቃቀፉ። ማርዎ ቀኑን ሙሉ ያላወጣችውን እንባ አሁን አወጣችው፤ ያውም ለራሷ አልነበረም።

«ወንድሜስ?» አለች።

«ወደቡ በር ላይ ተለያየን።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

ዘበኛው ዱላውን እያወዛወዘ መጣ። ከባቡር የወረዱትን ሴቶች በጣቱ እየጠቆመ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ እታገኘሁ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆም ብሎ አያትና አለፈ።

«ሙሉ ናችሁ» አላቸው። «ሂዱ።»