ባዶውን የማይመለሰው ዲስክ

አስከሬኑ የስቱዲዮው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ ኮምፒውተር ነው። ሰኞ ሊኑክስ የተባለው ሲስተሙ እንደ አዲስ ሲጫንበት ሞተ፤ እዚህ ኩባ፣ ካማጉዌይ ከተማ ያለው የሰፈራችን ሬዲዮም ሦስት ቀን ሙሉ ከአንዲት የተቧጨረች ሲዲ ያንኑ ቦሌሮ የተባለ የፍቅር ዘፈን ሲደጋግም ሰነበተ። ሰሚው ሁሉ ተሳድቧል፤ እኔም ጭምር።

ሥራ አስኪያጁ ኦስሜል የቴክኒክ ሠራተኛዋን የዳናይሲን የስንብት ደብዳቤ ጽፎ ኪሱ ከቷል። እስከ ዛሬ ቀን ስድስት ሰዓት ካልተስተካከለ ይሰጣታል።

ጡረታ የወጡት የሂሳብ መምህርት ኤኔይዳ ተጠርተው መጡ። ሳይክላቸውን ግድግዳ አስደግፈው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ።

«ምን ይልሻል ልጄ?»

«ሊያሳብደኝ ነው! የማሰራጫው ፕሮግራም የድምፅ ፓኬጁን ሰባተኛ እትም ካላገኘሁ አልጫንም ይላል። የገባው ደግሞ ስምንተኛው ነው። እሱን ላውጣ ስል ግማሹን ሲስተም ይዞብኝ ይሄዳል። አምስት ጊዜ ደምስሼ ጫንኩት፤ ያው ስምንተኛው ተመልሶ ይመጣል!» የዳናይሲ ዓይን ቀልቷል።

«ከየት ነው የምትጭኚው?»

«ከዲስኬ። በዚህ ኢንተርኔት ማን ያወርዳል? መጋቢት ላይ ሃቫና ሄጄ ነው ሁሉንም ገልብጬ ያመጣሁት። ያኔ ሰባተኛው ብቻ ነበር።»

«የፓኬጆቹን ዝርዝር ሳትጭኚ በፊት አድሰሻል?»

«ሁሌም አድሳለሁ።»

«ዲስኩን ለማን አውሰሽ ነበር?»

«ባለፈው ሳምንት ለሁለቱ ብቻ ነው።»

ሁለቱ ዜና አንባቢዋ ሚሬሊስና ራሱ ኦስሜል ናቸው።

«እሁድ ወስጄ ሰኞ ጠዋት መለስኩ» አለች ሚሬሊስ። «የእናቴን የጓቫ ማርማላታ አሠራር ቪዲዮ ጨመርኩበት። ሰሃን እንኳ ባዶውን አይመለስም፤ ዲስክ ይመለሳል እንዴ? ነውር ነው!»

«አንተስ ኦስሜል?»

«አርብ ወስጄ ቅዳሜ ማታ መለስኩ። ቤዝቦል አየሁበት፤ ምንም አልጨመርኩም። አሁን ምርመራው እኔ ላይ ዞረ?»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መምህርቷ ሦስቱንም ሰበሰቡ።

«ሊኑክስ አንዱን ፓኬጅ በሁለት ቁጥር ካየው ትልቁን ይመርጣል። ዳናይሲ ዝርዝሩን ስታድስ ዲስኩ ላይ የተቀመጠው ስምንተኛው አብሮ ገባ። ማሽኑን ስትደመስስ ከረመች እንጂ ዲስኩን አልጠረጠረችም፤ ይሄ የሷ ጥፋት ነው።»

ዳናይሲ አንገቷን ደፋች።

«ስምንተኛውን ማን አመጣው? የተገለበጠው ቅዳሜ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ይኸው ተመዝግቧል። ሚሬሊስ የወሰደችው እሁድ ነው። ቅዳሜ ዲስኩ ማን ጋ ነበር?»

ኦስሜል ላቡን ጠረገ። «አማቼ አዲስ ነው ብሎ ሰጠኝ። ባዶውን ከምመልስላት ብዬ… ስጦታ ነበር እኮ!»

«ሲበላሽ ለምን አልተናገርክም?»

«መጀመሪያ አልጠረጠርኩም። በኋላ ደግሞ… አፈርኩ።»

ኀፍረቱን በሷ የስንብት ደብዳቤ ሊሸፍን ነበር። ጆሮውን ይዤ ብጎትተው ደስታዬ ነው።

መምህርቷ ስምንተኛውን ከዲስኩ አጠፉ፣ ዝርዝሩን አደሱ፣ ማሽኑንም ወደ ሰባተኛው እንዲወርድ አዘዙት። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ክርክር ተጫነ። ስድስት ሰዓት ላይ ሚሬሊስ ዜና አነበበች፤ እኛም ከቦሌሮው ተገላገልን። ኦስሜል ደብዳቤውን ቀደደው፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም።

ከወር በኋላ ኦስሜል ዲስኩን ዳናይሲን ለመነ፤ ሰጠችው። ሰኞ መልሶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው።

«ምን ጨመሩበት?»

«ምንም» አለ ዓይኗን ሳያይ። «ባዶውን ነው።»

በኛ አገር ባዶ መመለስ ነውር ነው። ዳናይሲ ግን ከዚህ ሌላ ይቅርታ አልጠበቀችም፤ ተቀበለችው።