ሰባት ጊዜ አዎ

የሟቹ ራስ ቅል ከኋላ ተፈርክሷል። ደሙ ሰርቨሮቹ በተደረደሩበት ብረት ላይ ተረጭቶ ወለሉ ላይ ረግቷል። አጠገቡ ፀጉር የተጣበቀበት ከባድ የብሎን መፍቻ ወድቋል። መርማሪዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ሬሳ ስታይ ኖራለች፤ የዚህኛው ጭካኔ ግን ሰቀጠጣት።

ቢሮው ማንም ሰው ኮዱን አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠራበት ነው። ሟቹ ሲስተሙን የሚገነባውንና የሚፈትነውን ስክሪፕት ያሻሽል ስለነበር «ፈታኙ» ይሉታል። እዚያው የምትሠራው ሚስቱ ደም በደም ሆና፣ በካቴና ታስራ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች።

«ሳገኘው ይተነፍስ ነበር። እቅፌ ውስጥ ነው የሞተው» አለች።

የጣቢያው አዛዥ ዛሬውኑ ወህኒ ሊያወርዳት ቸኩሏል። መርማሪዋን ግን ነገሩ አልዋጥ አላት።

ግድያው በተፈጸመበት ጊዜ፣ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከሟቹ ሌላ ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሚስትየው፣ ወንድሟና የቢሮው ኃላፊ ብቻ ናቸው። ኃላፊው በስክሪን ስብሰባ ሲመራ አሥራ ሁለት ሰው አይቶታል። ወንድምየው «ቀልጣፋው» የሚባል ፕሮግራመር ነው። የአንድ እጁ እጅጌ እስከ ክርኑ እርጥብ ነበር።

«የት ነበርክ?»

«ወንበሬ ላይ፣ ፈተናውን እያስኬድኩ። ስክሪፕቱ በየደረጃው ‹ልቀጥል?› ብሎ ይገተራል። አዎ ካላሉት ንቅንቅ አይልም። ሽንት ቤት እንኳ አያስኬድም እኮ!»

«ዛሬስ ስንቴ ጠየቀህ?»

«እንደ ወትሮው ሰባቴ። ሰባቴም አዎ አልኩት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ ላይ አይጨክኑባት። አስመርሯት ነው።»

መርማሪዋ ከኃላፊው ጋር የስክሪፕቱ ለውጦች የሚጻፉበትን የሥራ መዝገብ አገላብጣ ስትጨርስ ሁሉንም በስብሰባው ክፍል ሰበሰበች።

«እስቲ ያንብቡልን» አለችው ኃላፊውን።

«ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከፈታኙ፦ ‹ስክሪፕቱ ከእንግዲህ ሰው አይጠብቅም። ከመነሻው እስከ መጨረሻው በራሱ ይሄዳል›።»

የቀልጣፋው ፊት አመድ መሰለ።

«ዛሬ አንድም ጥያቄ አልጠየቀህም» አለች መርማሪዋ። «ሰባቱን አዎ አስቀድመህ ፋይል ላይ ጽፈህ፣ ስክሪፕቱ በየደረጃው እንዲያነባቸው አድርገህ ወጣህ። ደሙን ከእጅጌህ አጥበህ ስትመለስ ፈተናው አልቋል። ፋይልህ የሠራ መሰለህ። ፋይሉ ግን ስክሪፕቱ አንዴም ሳያነበው ኮምፒውተርህ ላይ አለ።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

ኃላፊው የፈታኙን ጽሑፍ ማንበቡን ቀጠለ፦ «‹ፈተናው ሲወድቅ አለፈ የሚያሰኘውን የኮድ መስመር የጨመረው የሚስቴ ወንድም ነው። በዚያ ምክንያት በእኛ ሲስተም የሚሠራ የፋብሪካ መቁረጫ ማሽን የሰው ክንድ ጎመደ። በገዛ አፉ እንዲናገር እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ›።»

ቀልጣፋው ወንበሩን አንስቶ ወደ መርማሪዋ ተወረወረ። ሁለት ፖሊሶች ከጠረጴዛው ጋር አላተሙት፤ ከንፈሩ ተተርትሮ ደሙ ተንዠቀዠቀ።

«ለመንኩት! እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት!» ብሎ ጮኸ። «ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥራውን ቀጠለ!»

ካቴናው ከእህትየው እጅ ወጥቶ ወደ እሱ ገባ። እሷ ቀረበችና በጥፊ አጮለችው። ደግማ ልትመታው ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ኪሷ ውስጥ ስልክ ይጮህ ነበር። አውጥታ ስክሪኑን አሳየችው።

«እማዬ ናት» አለችው። «የማንኛችሁን መርዶ ላስቀድምላት?»