የአይቡ ሸሚዝ

ጋሽ ዲርክ ጎንበስ ብለው ክቡን ደረቅ አይብ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና ደግመው አንኳኩ። ሳስኪያ እጆቿን በነጭ ሽርጧ ጠቅልላ ቆማለች።

«አይዞሽ ልጄ፣ ግን ይሄም አልሆነም» አሉ ቀና ብለው። «እዪው፣ ከሙኑ ወደ ላይ ወጥቷል። ከሙን ልጣጩን ከነካ ሻጋታው እሱን ተከትሎ ሰተት ብሎ ነው የሚገባው። ሸሚዙ ሳስቷል።»

«ባለፈው ደግሞ ወፈረ ብለውኝ ነበር እኮ!»

«ያኔማ ወፍሮ ነበር። እንደ ሽንኩርት ተላጠ አይደል?»

ኒንከ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ሳታወርድ የአይብ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ሸሚዝ የሚሉት ምን እንደሆነ ግን ማንበብ ሳትችል በፊት ታውቃለች። የሆላንዱ የላይደን አይብ ሲሠራ የረጋው ወተት መጀመሪያ ነጩ ብቻ የእንጨቱ ገበቴ ሥር ይነጠፋል። ከሙን የተቀላቀለበት መሀል ይገባል። ከላይ ደግሞ ነጩ ይደገማል። «አይብ ራቁቱን ሰው ፊት አይቀርብም» ትል ነበር እናቷ። ነጩ ልብስ ከሳሳ መጭመቂያው ሲጫነው ከሙኑን ያወጣዋል፤ ከወፈረ ይላቀቃል። ልኩ በየቤቱ ይለያያል፣ እንደ ወተቱና እንደ ገበቴው ጥልቀት። የዚህን ቤት ልክ የምታውቀው እናቷ ዊልማ ነበረች። ዊልማ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት።

ጋሽ ዲርክ ጎረቤት ናቸው፤ የአካባቢውን አይብ እያንኳኩ «ይለፍ»፣ «ይቅር» ሲሉ አርባ ዓመት ኖረዋል። ሳስኪያ ግን ከኒንከ አባት ጋር መኖር ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። ከዚያ በፊት ሄግ ከተማ ትራም ትነዳ ነበር። የዊልማን አይብ እሠራለሁ ብላ ከተነሳች ይሄ ሦስተኛዋ ነው።

ጋሽ ዲርክ ዓይናቸውን አነሱ። ከሁሉ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ አይብ ብቻውን ተቀምጧል፤ ቀይ ቀለሙ ጠቁሮ የጡብ መልክ ይዟል። ዊልማ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት በመጋቢት የሠራችው፣ የመጨረሻዋ ነው። ሽማግሌው እሱን አዩ፣ ኒንከን አዩ፣ ከዚያ ባርኔጣቸውን ፈለጉ።

ሁሉም ያውቃል። ልኩ እዚያ ውስጥ አለ። ሁለት ዓመት የሞላው አይብ ደረቅ ስለሆነ በመውጊያ ከውስጡ ትንሽ ቀዳ አድርጎ ማየት አይቻልም፣ ይፈረፈራል፤ ለሁለት መከፈል አለበት። ግን ማንም አፍ አውጥቶ አልጠየቃትም። ኒንከን የሚያናድዳትም እሱ ነው። ቢጠይቋት እኮ «አይሆንም!» ብላ ትጮህና ይወጣላት ነበር።

«በቃ» አለ አባቷ አሪ፣ የላም ቤት ቦቲውን እንዳደረገ ግድግዳውን ተደግፎ። «ቅዳሜ ያ የላይደኑ ሰውዬ ይመጣል። ገበቴዎቹንም መጭመቂያውንም ይውሰድ። ወተቱ ሁሉም ለፋብሪካ ይሄዳል።»

«የዊልማን ገበቴዎች? ምን ሊያደርጋቸው?» አሉ ጋሽ ዲርክ።

«ካፌ ይከፍታል። አበባ እተክልባቸዋለሁ ነው ያለው።»

«አበባ!» ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደፉት። «እግዜር ይሁነው እንግዲህ።»

ሳስኪያ የተበላሸውን አይብ ታቅፋ ወጣች።

*

በማግስቱ ኒንከና ጓደኛዋ ፍሎር ከትምህርት ቤት በብስክሌት ሲመለሱ ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። በዚያ አገር ነፋስ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነው፣ ሄድክም መጣህም። ሁለቱም ፔዳሉ ላይ ቆመው ይታገላሉ።

«ቁረጪውና ተገላገይ!» ጮኸች ፍሎር።

«ዳቦ ነው እንዴ?»

«አቦ፣ ታዲያ እስከ መቼ ልታገላብጪው ነው? እስክታገቢ? ሙሽራው ሲመጣ 'ቆይ አንዴ፣ አይቤን ላገላብጥ' ልትዪው?»

ኒንከ ሳትወድ ሳቀች። ሳቋን ግን ነፋሱ ወሰደው፤ ከኋላው የመጣው ሌላ ነገር ነበር።

«ስሚ» አለች ድልድዩ ሥር ሲቆሙ። «ልብሷን አባዬ ለሰው ሰጠው። መኝታ ቤቱ ቀለም ተቀባ። እጇ የነካው ነገር እሱ ብቻ ነው የቀረው። ውስጡን ማንም አይቶት አያውቅም፣ ከሷ በቀር። ከቆረጥኩት አለቀ። ገባሽ? አለቀ በቃ።»

ፍሎር ከኪሷ የአገሩን ጨዋማ ጥቁር ከረሜላ አወጣችና አንዱን ለኒንከ ሰጥታ፣ አንዱን ራሷ አፏ ውስጥ አደረገች። ከረሜላው እስኪያልቅ ቦዩን አዩ።

ቤት ስትደርስ ኒንከ እንደ ወትሮው በርጩማ ላይ ወጣች። አይቡን በሁለት እጇ አነሳች፣ ሳንቃውን በጨርቅ ጠረገች፣ ገልብጣ አስቀመጠችው። ያልተገላበጠ አይብ ከሳንቃው ይጣበቅና ከሥሩ ይበሰብሳል። ለዚህ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያላለፋት። አንዴ ብቻ፣ በሚያዝያ፣ ከክፍሏ ልጆች ጋር አምስት ቀን ወደ አርደን ተራሮች ሄዳ ነበር። ያኔ ለማንም መንገር ረስታ ሄዳ፣ ሌሊቱን በድንኳን ውስጥ ስትብሰለሰል ከርማለች። ስትመለስ ግን ደረቅና ንጹሕ ሆኖ አገኘችው። አባዬ ነው ብላ አሰበች፤ ለሳምንት ያህልም አባቷን በተለየ ፍቅር ስታየው ነበር።

«እማዬ» አለች ግንባሯን ልጣጩ ላይ አድርጋ። ናፍቆት አንዳንዴ ሆድ ውስጥ ነው የሚያመው፣ ልክ እንደ ረሃብ። የሚጎርሱት ነገር ግን የለም።

*

ዓርብ ከሰዓት ኒንከ ሳስኪያን ገበቴዎቹን በሙቅ ውሃና በቡሩሽ ስታጥብ አገኘቻት። አምስቱንም አጥባ ለነገው ሰውዬ ደርድራለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«የላዩን አይብ ገና አልነካሁትም» አለች ሳስኪያ ሳትዞር። «አንቺ እስክትመጪ ብዬ ነው።»

«ድሮስ ለምን ትነኪዋለሽ?»

ሳስኪያ ቡሩሹን አስቀመጠች። «አርደን የሄድሽ ጊዜ እኔ ነኝ ያገላበጥኩት። ሁሌም እጄን ሁለቴ ታጥቤ። ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፣ ፈራሁሽ። ይቅርታ።»

«አባዬ መስሎኝ...»

«አባትሽ? አባትሽ ከላም ሌላ ምን ያያል? እኔ ራሴ ፀጉሬን ከተቆረጥኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ እስካሁን አላየውም።»

ኒንከ ልትስቅ ነበር፤ ያዝ አደረገችው። ይህችን ሴትዮ ለመጥላት ስንት ወር ደክማለች፤ እንዲህ በአንድ ከሰዓት ማፍረስ አልፈለገችም።

«ለምን ግን?» አለች። «አይብ መሥራት ለምን አስፈለገሽ? የእማዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።» ሳስኪያ እርጥብ እጆቿን አየች። «ትራም ስነዳ፣ ሰው ሁሉ ከኋላዬ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ጀርባዬን ነው ያየው። እዚህ ወተቱ ውስጥ እጄን ስከት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር የሚጠብቀኝ መሰለኝ። ልተካት አይደለም፣ ኒንከ። ማንም አይተካትም። እጅ ያጣ ገበቴ ሳይ አሳዘነኝ፣ ይኸው ነው።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ኒንከ ግን የዚህ ቤት ዝምታ መንቀዝ ከጀመረ እንደቆየ ገባት። በርጩማው ላይ ወጣች፣ አይቡን ገለበጠች፣ ወረደች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«የማታው ወተት ይቀመጣል?»

«ለምን? ነገ እኮ ሰውዬው ይመጣል።»

«ይቀመጥ» አለች ኒንከ። «ስልባቦቱ ይውጣ።»

*

ቅዳሜ ጠዋት ኒንከና ሳስኪያ ስልባቦቱን ገፈፉ፣ የማታውን ወተት ከጠዋቱ ቀላቀሉ፣ አሙቀው ማርጊያውን ጨመሩበት። ወተቱ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለ። ኒንከ በርጩማውን ጎተተች።

«አይሆንም» አለች ሳስኪያ። «ኒንከ፣ ተይው። እንገምታለን። በኋላ ትጸጸቻለሽ።»

«ልጸጸት እችላለሁ» አለች ኒንከ አይቡን እንዳቀፈች። «ያኛውን ጫፍ ያዢልኝ።»

ባለ ሁለት እጀታውን ቢላ አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ይዘው ተጫኑት። ሁለት ዓመት የደረቀ አይብ በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ አሉት። መጀመሪያ ልጣጩ ተንቋቋ፣ ከዚያ ድንገት ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀና ሁለት ቦታ ወደቀ።

መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው። ከሙንና የቆየ ወተት፣ ውስጡም የእናቷ የሥራ ሹራብ እጅጌ። ኒንከ ቢላውን ለቅቃ እንባዋ እንደ ልቡ እንዲወርድ ተወችው። ሳስኪያ አልነካቻትም፣ አጠገቧ ብቻ ቆመች። እንዲህ ማድረጓ ትክክል ነበር።

ከዚያ ጎንበስ ብለው አዩት። መሀሉ የገለባ ቀለም ይዞ በከሙን ተዥጎርጉሯል፤ ከላይና ከታች ደግሞ አንዳችም ፍሬ የሌለበት ነጣ ያለ ልብስ፣ እኩል፣ ቀጥ ያለ።

«አሁን ትዝ አለኝ፣ አውራ ጣቷን ነበር የምታስተኛው» አለች ኒንከ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ገበቴው ሥር እንዲህ ታስተኛውና ነጩ እስኪሸፍነው ትሞላለች።»

የራሷን አውራ ጣት ነጩ ላይ አስተኛች። አልሞላም፣ ስስ መስመር ተረፈ። አገላብጣ ሞከረች። አሁንም ተረፈ። ሳስኪያን አየቻት። ሳስኪያ ጭንቅላቷን በእምቢታ ነቀነቀች፤ ኒንከ ግን እጇን ይዛ አስጠጋቻት።

የሳስኪያ ጣት ልክ ገባ። አልተረፈም፣ አላነሰም።

ከሰው ሁሉ የሷ! ኒንከ እየሮጠች ወጣች። ቦዩ ዳር አንድ ግራጫ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆሞ ውሃውን ያያል፤ ሌላ ሐሳብ ያለው አይመስልም። ኒንከ ድንጋይ አነሳች፣ መልሳ ጣለችው። የኔ ጣት ለምን አልሆነም? ደሟ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ሁለት ዓመት ያገላበጥኩት። ጣቷን ደግማ አየችው። ገና ያድግ ይሆናል። ወተቱ ግን እስኪያድግ አይጠብቅም፣ አሁን ረግቷል፣ ሳይቆረጥ ከቆየ ይበላሻል። ይሄን ደግሞ ሳስኪያ አታውቅም፤ ሁሌም ታረፍዳለች።

ተመልሳ ገባችና እጆቿን እስከ ክርኗ ታጠበች። «ቶሎ በይ፣ እየጠነከረ ነው» አለች። አብረው ቆረጡት፣ አጓቱን አወረዱት፣ ግማሹን ከከሙን ጋር አሹት።

ገበቴው ፊታቸው በተቀመጠበት ሰዓት ከግቢ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። አሪ በሩ ላይ ብቅ አለ። ጠረጴዛው ላይ የተከፈለውን አይብ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ረጅም ጊዜ እሱን አየ፣ ከዚያ ልጁን፣ እስከ ክርኗ ነጭ የሆነችውን።

«ሰውዬው መጥቷል» አለ። «ምን ልበለው?»

«ገበቴዎቹ ሥራ ላይ ናቸው በለው» አለች ኒንከ።

አሪ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው፣ ወጣ። ሲያልፍ የሳስኪያን ፀጉር አየና «ተቆረጥሽው እንዴ?» አለ።

ሳስኪያ ሳቀችና በክንዷ ዓይኗን ጠረገች። ኒንከ ነጩን በሁለት እጇ አፈሰች።

«ጣትሽን አምጪ» አለች።

ሳስኪያ አውራ ጣቷን ከገበቴው ሥር አስተኛች። ኒንከ በዙሪያው ነጩን ደለደለች፤ ቀስ እያለች፣ ጥፍሩ እስኪሸፈን ድረስ። ከዚያ ከሙን ያለበትን አነሳች።