የኖህ አዲስ ፍሬን

ኢንስፔክተር ኢየሩ ቁስቋም ቁልቁለት ላይ ስትደርስ የኖህ አስከሬን በነጠላ ተሸፍኖ መንገድ ዳር ተጋድሟል። ፒክአፑ ከድንጋይ ግንብ ጋር ተላትሟል። በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ መቅረት አንጀት ይበላል። ሰፈሩ ግን ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም፤ መኪናው አዲስ ፍሬን የተገጠመለት ትናንት ስለሆነ ገዳዩ መካኒኩ ነው ተባለ። ወሬ መቼም ከፖሊስ ይቀድማል።

መካኒኩ ሸፊ ዊንጌት ካለው ጋራዡ ተይዞ ጣቢያ ገባ።

«ኖህ ሞተሩን አሳድጎ ጉልበቱን እጥፍ አደረገው፤ ፍሬኑ ግን የድሮው ነበር» አላት። «‹መሮጥ ብቻ አይደለም፣ መቆምም አለ› ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ትልልቅ ዲስክ፣ አዲስ የፍሬን ሸራ፣ አዲስ የፍሬን ዘይት አደረግኩለት። ራሴ ነድቼ ሞከርኩት።»

«የፍሬን ዘይቱ ዕቃ ክዳን ላይ ያለው ቀይ ቀለምስ?»

«የዘይቱን ዕቃ ስዘጋ ከክዳኑ እስከ ዕቃው መስመር አሰምራለሁ። ሰው ከከፈተው ይዛነፋል። ኢንስፔክተር፣ ሚስቴ ልትወልድ ቀናት ነው የቀራት። እንዴት ነፍስ አጠፋለሁ?»

መስመሩ ተዛንፎ ነበር። ቱቦው ግን አልተቆረጠም፤ ዘይትም አልፈሰሰም። ኢየሩ የተሰባበረው መኪና ውስጥ ገብታ ፍሬኑን ረገጠችው። ደንደን ብሎ ያዘላት። ግራ ገባትና ከዘይቱ ናሙና አስወሰደች።

የሟች ታናሽ ወንድም ዮፍታሔ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«ፍሬኑን ሊሞክር ቁልቁለቱን ሁለት ጊዜ ወጥቶ ወርዷል። በሦስተኛው ደወለልኝ። ‹ፔዳሉ ወለል ነካ፣ ምንም የለም!› አለኝ... በቃ።»

«በመኪናው ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተጣልተናል። ግን እኔ ከንጋት ጀምሮ ሥራ ላይ ነበርኩ። ጠዋት ግቢው ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ ይህን ፎቶ ልኮልኛል።»

ፎቶው ላይ ቀዩ መስመር ቀጥ ብሏል።

እናቱ ወይዘሮ ታየች በመስኮቱ ሥር፣ ከጠበል ጀሪካኑ አጠገብ፣ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል።

«ያ ሞተር ሲጮህ እሰጋለት ነበር» አሉ። «ያን ዕለት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጠርቶ አሳየኝ። ‹እማዬ፣ የፍሬኑ ነፍስ እዚህች ዕቃ ውስጥ ናት› አለኝ። ልብስ ሊቀይር ሲገባ እዚያው ቆሜ ጸለይኩለት።»

ኢየሩ ይህን ሰምታ ስትወጣ የጠበል ጀሪካኑን ዞራ አየችው።

በሰልስቱ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ በተተከለው የልቅሶ ድንኳን ሰበሰበቻቸው። ሸፊ በካቴና ነው የመጣው።

«ፍሬኑ ሲግል ጠፋ፤ ሲበርድ ተመለሰ» አለች። «ዘይቱ ውስጥ ውሃ ነበር፤ ናሙናውም አረጋግጧል። ቁልቁለት ላይ ውሃው ይፈላል፤ ፔዳሉ የሚገፋው ዘይቱን መሆኑ ቀርቶ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት መኪና አያቆምም።»

ዮፍታሔ ወደ ሸፊ እየጠቆመ ብድግ አለ። «ውሃውን የጨመረው ይሄ ነው!»

«አይደለም። አንተ ባሳየኸኝ ፎቶ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ክዳኑ የተከፈተው ከዚያ በኋላ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ሸፊ ጋራዡ ነበር፤ አንተም ሥራ ላይ ነበርክ። ኖህ ልብስ ሊቀይር...»

ዓይኗ ወይዘሮ ታየች ላይ አረፈ። ብትናገረው እናትን መግደል ነው፤ ብትተወው ሸፊ ወህኒ ይወርዳል።

«ልጄ» አሉ ወይዘሮ ታየች፤ «ምን ያህል ውሃ ነው የሚበቃው?»

«ትንሽ ነው፣ እማማ።»

«አንድ ስኒ?»

ኢየሩ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

«የማርያምን ጠበል ነው የጨመርኩበት። ነፍሱ እዚህች ናት ሲለኝ፣ እዚያው ትጠብቀው ብዬ።»

ዮፍታሔ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ሸፊ እንባውን ካቴና በገባበት እጁ ጠረገ።

«እማማ፣ ክዳኑን አላጠበቅኩት ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አትዋሽልኝ፣ ልጄ። ሦስት ቀን ሙሉ ስረግምህ ነው የከረምኩት። ይቅር በለኝ።»

ኢየሩ አጠገባቸው ተንበረከከች። «የጠበሉ ጥፋት አይደለም። የትኛውም ውሃ ሲግል ይፈላል። እርስዎ አላወቁም።»

ፖሊሱ የሸፊን ካቴና ፈታ። ወይዘሮ ታየች ሁለት እጃቸውን አጣምረው ዘረጉ።

«እኔንስ የት ትወስጂኛለሽ?»

«የትም አልወስድዎትም። ቃልዎን ተቀብዬ እሄዳለሁ፤ እርስዎ ቤትዎ ይቀመጣሉ።»

«ውሰጂኝ እንጂ፣ ልጄ» አሉ። «እዚህ ቤት እንዴት አድርጌ እኖራለሁ?»