ጦሳችንን ይዛ የሄደችው ድመት

ኋላ እንዳይምታታብህ በነገሩ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ላስተዋውቅህ። እኔ አለሁ፣ ከድሬዳዋ በአሮጌው ባቡር ጅቡቲ ገብቼ በማዕከላዊ ገበያ የፕላስቲክ ባልዲና ሳፋ የምሸጥ፣ ትምህርት ቤት ሳልረግጥ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ማንበብ የተማርኩ ሰው። ሚስቴ ፈቲያ አለች፣ በር ከመክፈቷ በፊት እንኳ ቢስሚላህ የምትል። ልጃችን ነጃት አለች፣ ከብዙ ዓመት ልመና በኋላ ያገኘናት፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ። ዘነበች አለች፣ ከኮምቦልቻ መጥታ እኛ ቤት የምትሠራ፣ ነጃትን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች። ድመቷን ሉልን ከሰው ጋር ብቆጥራት አትቀየመኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያ ቤት ከእኔ ቃል የእሷ ሚያውታ ይሰማ ነበር።

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አምኜ አላውቅም። ጂን አየሁ የሚለኝን ሁሉ «ለመሆኑ ምርቃና ላይ ነበርክ?» ብዬ ነበር የማሳፍረው፣ እኔ ደግሞ የጫት ቅጠል አፌ ውስጥ አስገብቼ አላውቅም፣ ስለዚህ በዚያ በኩል አትጠርጥረኝ። ለእኔ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ሰነፍ ነው፣ ልጄንም ያሳደግኳት በዚህ ነው።

ሙቀቱ በበረታበት፣ ኸምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አሸዋ እያነሳ ዓይን በሚያሳውርበት ወር ነው። ሉል ጠዋት ከነጃት እጅ የሳርዲን ጭራ በላች፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ እየሮጠች ከጎረቤት እርግቦች ጋር ተጣላች። ቀትር ላይ ሱቄን ዘግቼ ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስገባ ከውሃው በርሜል ሥር እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ እንደ ልማዷ ተጋድማለች፣ ነጃት አጠገቧ ቁጭ ብላ ትደባብሳታለች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«አባ፣ አትተነፍስም» አለችኝ።

አገላብጬ አየሁ፣ ቁስል የለ፣ አረፋ የለ፣ አፏን አሸተትኩ፣ ምንም። የአይጥ መርዝ ያኖረ እንዳለ ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቅሁ፣ ሁሉም ወላሂ ብሎ ማለ። ወደብ ላይ ለሚጫኑት በጎች መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ለምኜ አመጣሁ፣ እሱም አይቶ አይቶ «ይህች ከመሞቷ በቀር ምንም የላትም» ብሎኝ ሄደ።

ሁሉ ነገር የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ዘነበች ልጅቷን እቅፍ አድርጋ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ጦስሽን ይዛልሽ ሄዳ ነው፣ በአንቺ ላይ የመጣውን እሷ ተቀበለችልሽ» አለቻት። ፈቲያም ከወዲያ ሆና «አልሐምዱሊላህ፣ ለእሷ ያድርገው» አለች። ይህን አንተም ትላለህ፣ ብርጭቆ ሲሰበር ትላለህ፣ ዶሮ ሲሞት ትላለህ፣ ብለህም ትረሳዋለህ። ልጅ ግን አይረሳም።

«የእኔን?» አለች ነጃት።

«አዎ፣ የአንቺን» አለቻት ዘነበች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል እምቢ አለች። ፈቲያ ሩዝ ብታቀርብ፣ ዘነበች ሙፎ የሚሉትን ቂጣ በማር ብታመጣ፣ ከንፈሯን ግጥም። ለምን ሲሏት «መሞት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ የእሷን ምግብ አልበላም» ትላለች፣ እንባ እንኳ ሳይወጣት፣ እመነኝ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ተቆጣሁ። አላህ ለእያንዳንዱ ነፍስ ቀን ቆርጦለታል፣ ማንም የማንንም ሞት አይሞትም፣ ድመት ድመት ናት አልኳት።

«ታዲያ ሉል በምን ሞተች?»

ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረግሁት።

«ንገረኛ አባ፣ በምን?»

ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ሰው ለልጄ የምሰጣት አንዲት ምክንያት አጣሁ።

ክሊኒክ ወሰድናት፣ ግሉኮስ ተከሉላት፣ ሐኪሙ አገላብጦ መርምሮ በሽታ አላገኘሁም፣ ራሷ ካልፈለገች እኔ ምን ላድርግ አለ። ክንዷ እንደ መጥረጊያ እንጨት ቀጠነ። ሰው ከመስጊድ ሲወጣ እኔ እቀር ነበር፣ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ተክዬ እንደ ለማኝ እለምናለሁ፣ ዱዓዬም አልቆብኝ «እባክህ፣ እባክህ» ብቻ ነበር የቀረኝ።

ያ ቀን መጣ። መቼም ጅቡቲ ከቀትር እስከ አስር ሰዓት ሙት ከተማ ናት፣ ገበያው ይዘጋል፣ ውሻ እንኳ መንገድ አያቋርጥም። መብራት ጠፋና ክሊም የምንለው ማቀዝቀዣ ዝም አለ። ፈቲያ ሰሌን አንጥፋ ግቢው ጥላ ሥር ተኝታለች፣ ዘነበችም አጠገቧ፣ እኔ ነጃት አልጋ ጎን ተቀምጬ በካርቶን አራግብላታለሁ። ነፋሱም ድንገት ቆመ።

በመጀመሪያ የሰማሁት ልፍ ልፍ የሚል ድምፅ ነው፣ ድመት ውሃ ስትጠጣ። ከክሊሙ የሚንጠባጠበውን ውሃ የምናጠራቅምበት ቆርቆሮ በመስኮቱ ሥር ነበር፣ ሉል የምትጠጣው ከዚያ ነው። የመንደር ድመት ናት ብዬ ላባርር ወጣሁ። ማንም የለም፣ ውሃው ግን ይወዛወዛል። ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቁጭ ብላለች።

«ጋሼ፣ ሰሙ?»

«የመንደር ድመት ናት።»

«የመንደር ድመት ወዴት ሄደች? በሩ ዝግ ነው፣ እኔ እዚሁ ነኝ።»

«ተኚ!» አልኳት።

ገብቼ ከመቀመጤ ጣሪያው ላይ እርምጃ ተሰማኝ፣ ለስላሳ፣ ከዳር ጀምሮ ቆርቆሮውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ መጥቶ ልክ ከአልጋው በላይ ቆመ። ከዚያ ዱብ የሚል ነገር፣ ውስጥ፣ አልጋው እግርጌ። ጣሪያው ሽንቁር የለውም፣ ወዳጄ፣ እኔው ነኝ የመታሁት። አንሶላው ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ተፈጠረ፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት፣ ዳሰስኩት፣ እንደ እርጥብ ሲሚንቶ ይቀዘቅዛል። ነጃት ዓይኗን ሳትገልጥ «መልሺልኝ» አለች፣ «የእኔን መልሺልኝና አንቺ ነይ።»

ጎድጓዳው ጠፋና ወደፊት ሌላ ሆነ፣ ደግሞ ሌላ፣ በጉልበቷ በኩል ወደ ደረቷ ይወጣል። ከክፉ ነገር ለመጠበቅ የምትቀራውን የቁርአን አንቀጽ፣ አያተል ኩርሲን፣ እንደ ስሜ ነው የማውቃት፣ ጀመርኩና ከመጀመሪያው ቃል አላለፍኩም፣ ልጄን ላንሳት ብል እጄ አልታዘዘኝ አለ። በዚያች ደቂቃ ያልኩትን ልደብቅህ አልፈልግም። «ልጄን ተዪልኝ» አልኩ ድምፄን አውጥቼ፣ «ከእኛ የፈለግሽውን ውሰጂ፣ እሷን ብቻ ተዪልኝ።»

ማንኮራፋት ጀመረ፣ ድመት ሲመቻት የምታደርገው ያ ርርር የሚል ድምፅ። አንሶላው ላይ ግን ምንም የለም። ጎንበስ ብዬ ቀኝ ጆሮዬን ነጃት ደረት ላይ አደረግሁ፣ ድምፁ ከውስጧ ነው የሚመጣው፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ ጉንጬን ያንቀጠቅጠዋል።

መብራት መጣ፣ ክሊሙ ጮኸ። ነጃት ዓይኗን ገልጣ «አባ፣ ራበኝ» አለች።

የበላችውን ሩዝና ዓሣ ብታይ! ፈቲያ እልልታዋን አቀለጠችው፣ እኔ ግድግዳ ይዤ አለቀስኩ። ምክንያቱን ማን ይጠይቃል፣ ልጄ እየበላች ነው። ዘነበች ብቻ ጥግ ይዛ ታያት ነበር፣ ቆይታም የድመቷን ሳህን አንስታ «ነጅዬ፣ የሉልን ሳህን ምን ላድርገው?» አለቻት።

«ሉል ማን ናት?»

ሳቅን፣ የምትቀልድ መስሎን። አልቀለደችም። አብራት የተነሳችበትን ፎቶግራፍ አሳየናት፣ «የማን ድመት ናት? ታምራለች» አለችና ኳሷን ይዛ ወጣች።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ከልጄ አፍ ያን ስም ዳግመኛ ሰምቼ አላውቅም፣ እኛም አናነሳባትም። መብራት በሚጠፋበት ቀትር ግን ፈቲያ ራዲዮ በባትሪ ከፍታ ድምፁን ታስጮኸዋለች፣ ለምን እንደሆነ እኔም አልጠይቃት፣ እሷም አትነግረኝ። የሚያጽናና ሰው ቃሉን ይመዝን ብዬ ዛሬም እመክራለሁ፣ ግን ከምክሬ በላይ የሆነ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ።

የከፈልነውን ከጠየቅኸኝ ልንገርህ። ዘነበች ሳምንቱ ሳያልቅ «ጋሼ ይቅር ይበሉኝ፣ ከዚህች ልጅ ጋር ብቻዬን ቤት አልውልም» ብላ፣ በጀርባዋ ያሳደገቻትን ሳትስም አገሯ ገባች። ፈቲያ ጽንስ ይዛ ነበር፣ ራሷም ገና አላወቀችም፣ በዚያው ወር ወረደባት፣ ሐኪሙ ሙቀት ነው አለ፣ እኔም ሙቀት ነው እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን አልጸነሰችም። የእኔ ቀኝ ጆሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሰማም፣ የመረመረኝ ሁሉ ጤነኛ ነው ይለኛል። እንግዲህ ደምረው፤ ዘነበች ያሳደገቻትን ልጅ፣ ፈቲያ ያላየችውን ልጅ፣ እኔ አንድ ጆሮዬን። ነጃት አድጋለች፣ ትስቃለች፣ ጉንፋን እንኳ አይዛት፣ ከአራታችን ምንም ያልከፈለች እሷ ብቻ ናት፣ እስካሁን።