ዘጠነኛው ገጽ

ሉልሰገድ ከቸርችል ጎዳና አናት፣ ፒያሳ ካለው የመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ሥር ሞቶ ተደፍቶ የተገኘው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የአየር ንብረት ሕግ ሲያረቅ የኖረ ሰው ነበር። ሕጉ ትናንት ታሽጎ ተልኳል፤ ኮሚቴው ዛሬ ረፋድ ላይ ይመክርበታል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «አዳልጦት ነው» ብለው ነገሩን ጨርሰውት ነበር።

ኢንስፔክተር ንግስቲ ግን ጎንበስ ስትል የተሰበረ የማንበቢያ መነጽር አፍንጫው ሥር አየች። የማንበቢያ መነጽር አድርጎ ደረጃ የሚወርድ የለም። እያነበበ ሳለ ብድግ ብሎ ሰው ተከትሎ የወጣ ነው።

ጥበቃው የሟችን ቢሮ ቆልፎ ማንንም አላስገባም፤ የከፈተው ለእሷ ብቻ ነው። የሕጉ ቀሪ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ሟች በየገጹ አጭር ፊርማውን ማኖር ልማዱ ነበር፤ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ግን የለም። ገጹ «የጭስ ቅነሳውን ግብ ለመምታት ጥረት ይደረጋል» ይላል። ጥረት! ጥረት አላደረግህም ተብሎ የተጠየቀ ኃላፊ ካለ እስቲ ይነገረን።

ትናንት አምሽተው ከሟች ጋር ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው። መጀመሪያ ጸሐፊዋ ጽዮን ቀረበች።

«ዘጠነኛው ገጽ ምን ይላል?»

«ግቡን ያልመታ ኃላፊም ፋብሪካም ይቀጣል ይላል። ራሴ ነኝ የተየብኩት።»

የፋብሪካዎቹ ወኪል ራጉኤል ደብዳቤ ዘረጋላት። «ቅጣቱን እንዲያለዝበው ትናንት ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ። ይኸው፣ ተቃውሟችንን ለኮሚቴው ላስገባ ነው።»

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ አባይነህ እጃቸውን አጣመሩ። «ልጄ፣ በከንቱ አትልፊ። ቅጣት ለሌለው ሕግ ብሎ ሰው የሚገድል ማን ነው?»

ንግስቲ ሦስቱንም ሟች ቢሮ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሉልሰገድን የገደለው ይህን ገጽ የቀየረው ሰው ነው» አለች። «ጽዮን ቅጣቱ እንዳለ ነው የምታውቀው። አቶ ራጉኤልም ቀይረውት ቢሆን ለሌለ ቅጣት ተቃውሞ አይጽፉም። ዛሬ ገጹን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አቶ አባይነህ፣ ቅጣት እንደሌለው ለእርስዎ ማን ነገረዎት?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አቶ አባይነህ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ግቡ ሕጉ በሚሰጠው ሦስት ዓመት የሚደረስበት አልነበረም» አሉ ቀስ ብለው። «የምቀጣው እኔ ነኝ። ዋናውንም ቀሪውንም ቀየርኩ። ሉልሰገድ መቀየሬን ሲያውቅ ደረጃው ላይ ተከትሎ ክርኔን ያዘኝ፤ ገፈተርኩት።»

ንግስቲ እጃቸውን በካቴና አሰረችና ወዲያው ለኮሚቴው ደወለች። የሉልሰገድ የአራት ዓመት ልፋት በዚህች ስልክ ላይ ተንጠልጥሏል። የተላከላችሁ ገጽ ሐሰተኛ ነው፣ እውነተኛውን አሁኑኑ አመጣለሁ አለች።

«ጸድቋል እኮ» አለ በወዲያኛው በኩል ያለው ሰው፣ ምንም ሳይቸኩል። «ከግማሽ ሰዓት በፊት።»

«ሰው ተገድሎበታል እያልኩህ! ታዲያ አይስተካከልም?»

«ለምን አይስተካከልም? የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በፊርማቸው ደብዳቤ ይጻፉልን።»

ንግስቲ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች አቶ አባይነህን አየቻቸው። እሳቸውም ሰምተዋል፤ የታሰሩ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።